ኮማሬ እና አበልጅ፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከአሜሪካ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሴቶች ቤቴ እየመጡ የሚጠይቁኝ ስለ ፎቁና ስለ መንገዱ ነው። ፎቁ ረጅም ነው፣ መንገዱም ሰፊ ነው፤ ይኸው ነገርኳችሁ። እኔ ግን ከዚያ አገር ይዤ የመጣሁት የአንዲት ቃል ወሬ ነው። ቃሏ የስፓኒሾች ናት፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ተውሰው ይጠሩባታል። እኔን የአማርኛ አስተማሪዋን ወይንሸትን መጀመሪያ በሰው አገር አዋረደችኝ፣ ኋላ ግን አንገቴን ቀና አድርጌ እንድመለስ ያደረገችኝም እሷው ናት። ከመነሻው ልንገራችሁ።

የሄድኩት ክርስትና ላነሳ ነው። ሙሉነሽን አብዛኞቻችሁ ታስታውሷታላችሁ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያደገችው፣ እኔና እሷ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የተማርነው። ገና በልጅነታችን «ሴት ልጅ ከወለድሽ የማነሳት እኔ ነኝ» ተባብለን በማርያም ተማምለናል። እኔ ወንድ ወንዱን ብቻ ወለድኩና ለእሷ የምትሆን ሴት ልጅ ሳላገኝ ቀረሁ። እሷም ዲቪ ደርሷት ሄደች፣ አገባች፣ ብዙ ዓመት ልጅ አላገኘችም። ስለዚህ እኛ ሁለታችን ጓደኛ ሆነን አረጀን እንጂ አበልጅ አልሆንንም። በዚህ ዓመት ስልክ ደውላ «ወይኒ፣ ሴት ናት! ቃልኪዳን ብያታለሁ፣ ቃላችን ስለሆነች!» ስትለኝ ያለቀስኩትን ለቅሶ ጎረቤት ሰምቶ መርዶ መስሎት መጥቶ ነበር።

ሰኞ ጭጋጉ ሳይገለጥ ከደብረ ብርሃን ተነሳሁ። ሐምሌ ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ባለቤቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቶኝ «በሰው አገር የሰው ቋንቋ እንዳታርሚ» አለኝ፤ ባሕርዬን ያውቃል። ሚኒባሱ ሸኖ ሲደርስ ለአራሷ ቅቤ ልግዛ ብዬ አስቆምኩት። ተሳፋሪው በሙሉ «አሜሪካ ቅቤ አያስገቡም!» ብሎ ጮኸብኝ። አንዳቸውም አሜሪካን አላዩም፣ ሕጉን ግን ሁሉም ያውቁታል። ቅቤው ቀረ። ሽሮዬን፣ በሶዬን፣ የአጥሚቱን እህልና ለሕፃኗ ያሠራሁትን የጥበብ ቀሚስ ይዤ ማታ ቦሌ ገባሁ።

የአውሮፕላኑን ነገር አላበዛባችሁም። እግሬ አበጠ፣ ምግቡ የሚቀርበው በልጆች ዕቃ ዕቃ መጫወቻ ሳህን ነው፣ ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ትከሻዬን ትራስ አድርጎት ውቅያኖሱን ተሻገረ። ቀስቅሼው ይቅርታ ሲጠይቀኝ የሰላሌ ሰው ሆኖ አገኘሁት፤ የአገሬ ልጅ መሆኑን ካወቅሁ በኋላ ትከሻዬን መልሼ ሰጠሁት።

ማክሰኞ ዋሽንግተን አጠገብ ካለው አየር ማረፊያ ስንደርስ አንድ ጎልማሳ ፈታሽ የበሶውን ከረጢት ከሻንጣዬ አንስቶ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«በሶ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ምን አሉኝ?»

«በሶ! ለጓደኛዬ ያመጣሁት ነው። ከፈለግክ ላንተም እሰጥሃለሁ።»

ሰውየው ፊቱ ቀላ። ጎኑ ያለውን ባልደረባውን ጠርቶ በማላውቀው ቋንቋ አንድ ነገር አለው፣ ተሳሳቁ፣ ከዚያ በትልቅ አክብሮት አሳለፉኝ። ለበሶ እንዲህ ደስ የሚለው ሕዝብ ደግ መሆን አለበት እያልኩ ወጣሁ።

ሙሉ ከባሏ ከተስፋዬ ጋር ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ሕፃኗ ደረቷ ላይ ታስራ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አልኳት፤ ይህን ቃል በስልክ ስለውና ፊት ለፊት ስለው አንድ አይደለም። ሁለታችንም ስናለቅስ ተስፋዬ «ፓርኪንጉ እየቆጠረ ነው፣ መኪና ውስጥ አልቅሱ» ብሎ አጣደፈን።

ሲልቨር ስፕሪንግ ስንገባ ያየሁትን ለተማሪዎቼ ሁሉ እነግራለሁ። በሰው አገር፣ በሰው መንገድ ዳር፣ የአማርኛ ፊደል በትልቁ ተጽፎ ቆሟል! ምግብ ቤቱ፣ ጸጉር ቤቱ፣ ሒሳብ ሠሪው ሁሉ በገዛ ፊደላችን ይጠራል። ደረቴን ነፋሁ። ወዲያው ግን አንዱ ሰሌዳ ላይ «ስጋ ቤት» የሚል አይቼ «አቁም ተስፋዬ፣ ሥጋ በንጉሡ ሠ ነው፣ ልንገራቸው» አልኩ። ተስፋዬ ሳቀና ነዳው። ባሌ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ።

ቤታቸው ትልቅ አፓርትመንት ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኮሪደሩ ረጅም፣ በሮቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። እኛ ሰፈር አራስ ካለች ከበሩ ላይ ጫማው ተደርድሮ ይታያል፤ እዚህ አንድም ጫማ የለም። ምስኪን ሙሉ፣ ያለ ጠያቂ ነው ለካ የታረሰችው ብዬ ልቤ ተነካ። ቦርሳዬን ሳላራግፍ የአጥሚቱን ድስት ጣድኩ። ለእሷ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ ብዬም ኮራሁ።

አጥሚቱ ገና ሳይፈላ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። አጠር ደልደል ያለች፣ ጸጉሯን በአንድ ጎንጉን የያዘች ሴት በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ታቅፋ ገባችና ከበሩ ላይ «ኮማሬ!» ብላ ተጣራች።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ኮማሪ? ጠጅ ቤት ቆማ መለኪያ የምትቀዳ፣ ከሰካራም ጋር የምትሳሳቅ፣ በእኛ አገር እናት ለልጇ የማትመኘው ስም? አራስ ቤት ገብቶ፣ ባሏ ፊት፣ ጓደኛዬን ኮማሪ? ይባስ ብሎ ሙሉ ከሶፋዋ ሳትነሳ ፈገግ ብላ «ኮማሬ!» ብላ መለሰችላት። እርስ በርስ ይሰዳደባሉ፣ ደግሞ ይሳሳማሉ። ሴትየዋ ድስቷን ከፈተች፤ የዶሮ ሾርባ ነው፣ በቆሎ ከነቆሮቆንዳው ተቆራርጦ ገብቶበታል። ሙሉ የእኔን አጥሚት ሳትጠብቅ ሾርባውን ጠጣች። እውነቱን ልናገር፣ ከስድቡ ይልቅ ያቃጠለኝ ሾርባው ነው።

«ማን ናት?» አልኩ ስትወጣ።

«ዶሎሬስ ናት። ከኤል ሳልቫዶር ናት። ሰከንድ ፍሎር ነው ቤቷ፣ ሥራም አብረን ነው፤ አንድ ሆቴል ላውንድሪ፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ» አለች ሙሉ፤ ልጅቷም ስትነጫነጭ ወሬው በዚያው ቀረ። እንግዳ ነኝ፣ በገባሁበት ቀን ጠብ አልጀምርም ብዬ ዋጥኩት።

ረቡዕ ግን አልቻልኩም። ቆሻሻ ልጥል ስወርድ ሊፍት ውስጥ ከዶሎሬስ ጋር ተገጣጠምን። በክፍል ድምፄ፣ ባለኝ እንግሊዝኛ «ሙሉነሽ የጨዋ ልጅ ናት። ኮማሪ አይደለችም» አልኳት። እሷ ደስ ብሏት እጄን ያዘችና «ሲ፣ ሲ! ሙሉ፣ ኮማሬ!» አለች። ከዚያ የያዝኩትን የቆሻሻ ከረጢት ተቀብላ ራሷ ጣለችልኝ። ሰድቦ መልሶ የሚያገለግል ሰው አይቼ አላውቅምና ግራ ተጋብቼ ወጣሁ።

ሐሙስ ሙሉ «ልጄን ለሥራ ባልደረቦቼ ላሳያት፣ አሌክሳንድሪያ እንሂድ» አለች። እኔ የማውቃት እስክንድርያ አንድ ናት፣ የማርቆስ መንበር ያለባት፤ ስሟን ስሰማ ሳላስበው አማተብኩ። ሙሉ «ኧረ ይቺኛዋ ቨርጂኒያ ናት!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። በባቡር ነው የሄድነው። ባቡሩ ከመሬት በታች ብዙ ከሄደ በኋላ ብቅ ብሎ ሰፊ ወንዝ በድልድይ ሲሻገር፣ ውኃው ላይ ፀሐይ ሲያርፍ፣ ልጅቷን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ አሳየኋት። «የክርስትና ልጄ፣ እዪ» አልኳት። ሙሉ አንገቷን ወደ ሌላ መለሰች። ያን ጊዜ ትርጉሙ አልገባኝም።

ላውንድሪው ከሆቴሉ ምድር ቤት ነው። ሙቀቱ አዋሽ ያወረደኝ መሰለኝ። ከእኛ ቤት የሚበልጡ ማጠቢያዎች ይሽከረከራሉ፣ አንሶላው ተራራ ሆኖ ተከምሯል፣ ሴቶቹ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ናቸው። ልጅቷ ከእጅ እጅ ዞረች። አለቃቸው ሚስ ጆይስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ትልቅ ሴት፣ ሳቋ ከማሽኑ ድምፅ በላይ የሚሰማ። ሙሉን አቅፋ ሳመቻትና ዙሪያውን እያየች «ኮማድሬሽ የታለች?» አለቻት፣ በእንግሊዝኛ መሀል።

በቃ። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጓደኛዬን ኮማሪ ይላታል ማለት ነው!

«ማዳም!» አልኩ። «ሙሉነሽ ባለ ትዳር ናት። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት። በሕይወቷ መጠጥ ሸጣ አታውቅም! በእናንተ አገር እንዲህ ተብሎ የሚጠራ ከሆነ በእኛ አገር ነውር ነው!»

ሴቶቹ ሁሉ ሥራቸውን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። ሚስ ጆይስ ወደ ሙሉ አየች። ሙሉ መጀመሪያ ፈዘዘች፣ ቀስ ብላ ገባት መሰለኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ከዚያ አንሶላው ክምር ላይ ወድቃ እስክታለቅስ ሳቀች። «ኮማሪ! ወይኒ፣ ኮማሪ መስሎሽ ነው? ኧረ አበልጅ ነው! በእነሱ ቋንቋ አበልጅ ማለት ነው! ኮማድሬ ነው ቃሉ፣ ዶሎሬስ ስትፈጥን ኮማሬ ትለዋለች እንጂ።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፣ ግን ምድር ቤት ስለነበርን ቀድሞም ውጣኛለች። ሚስ ጆይስ ነገሩ ሲተረጎምላት ሆዷን ይዛ ሳቀችና ወንበር አቀረበችልኝ። «የእኔ እናት፣» አለችኝ፣ «እንግሊዝኛ ለልጅቷና ለክርስትና እናቷ ስም አለው። ሁለቱ ሴቶች እርስ በርሳቸው ምን እንደሚባባሉ ግን ስም የለውም። ጓደኛ ነው የሚለው። ጓደኛ ደግሞ አብራሽ አውቶቡስ የምትጠብቅም ናት። ስለዚህ እኛም ከእነዶሎሬስ ተውሰን ኮማድሬ እንላለን። ክርስትና እንኳ ባይኖር፣ ገመናዬን ለምታውቅ ሴት እለዋለሁ።»

ይህን ስሰማ ሐፍረቴ ከላዬ ላይ እንደ ነጠላ ወረደ። እንግሊዝኛ የሚያህል ቋንቋ፣ እኛን ስንት ዓመት ያንቀጠቀጠን ቋንቋ፣ ይህን የሚያህል ዝምድና ስም ሳያወጣለት ኖሮ ሄዶ ከሰው ተበደረ! «እኛ አለን!» አልኩ ተነስቼ። «እኛ አልተበደርንም! አበልጅ ይባላል!» ሴቶቹን ሁሉ በአንድ ድምፅ አስባልኳቸው፤ አ፣ በል፣ ጅ። ቃሉ የልጅ አባት እንደማለት መሆኑን፣ ግን ለሴቱም ለወንዱም እንደሚሆን በኩራት አስረዳሁ።

ሚስ ጆይስ ቅንድቧን አነሳች። «ለሁለት ሴቶች አባት ትላላችሁ? የእነሱ እኮ አብሮ እናት ማለት ነው።»

በመልስ ፈንታ ሴቶቹን ቃሉን አንድ ጊዜ ደግሜ አስባልኳቸው።

ይህን ሁሉ ዶሎሬስ ከማጠፊያው ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር። ቃሉን ለብቻዋ ደጋግማ አለችው። ከዚያ መጥታ ልጅቷን ከእጄ ተቀበለችና ደረቷን በጣቷ እየነካች «እሑድ፣ እኔ፣ አበልጅ!» አለች። ሴቶቹ አጨበጨቡ። እኔ ወደ ሙሉ አየሁ። ሙሉ ወለሉን ታያለች።

ባቡሩ ወንዙን መልሶ ሲሻገር ጠየቅኋት። «እሑድ ማን ነው የሚያነሳት?»

«አንቺ ነሽ» አለች።

«እሷስ?»

ሙሉ ልጅቷን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። «ምጡ የመጣብኝ ተስፋዬ በታክሲው ቤልትስቪል ድረስ ሰው ሊያደርስ ሄዶ ሳለ ነው። ኮል ባደርግ ትራፊክ ይዞታል። ዶሎሬስ ሺፍቷን ጥላ ሮጣ መጣች፣ በመኪናዋ አደረሰችኝ። እስክወልድ እጄን አለቀቀችም። ሲጨንቀኝ ‹ልጄን የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ› አልኳት። ማርያምን እየጠራሁ ነው ያልኩት ወይኒ። አንቺ አልነበርሽም።»

«የንስሐ አባትሽስ ምን አሉ?»

«የክርስትና እናት የእኛው እምነት ልጅ መሆን አለባት አሉኝ። አውቀዋለሁ፤ ሕጉ ነው። እሷ የእነሱን ቤተ ክርስቲያን ነው የምትስመው። በምን አፌ ልንገራት? ይኸው ሰማንያ ቀን ሊሞላ ነው፣ በየቀኑ ኮማሬ ስትለኝ አቤት እላለሁ።»

ተናደድኩ። አልዋሻችሁም፣ ቀናሁ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የእኔ የሆነውን ቃል ለሌላ ሰው ሰጥታ ውቅያኖስ አሻግራ አመጣችኝ። ግን ደግሞ ያቺ «አንቺ አልነበርሽም» ያለችኝ ነገር ሌላውን ንዴቴን ሁሉ አሳጣችኝ። እጇን ማን ይያዝላት ነበር? እቤት ስንገባ «እኔ እነግራታለሁ» አልኳት።

ዓርብ የበሶውን ከረጢት ይዤ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወረድኩ። ሰው ክፉ ወሬ ይዞ ባዶ እጁን አይሄድም። ዶሎሬስ በሩን ከፍታ በደስታ አስገባችኝ። ቤቷ ጠባብ ነው፣ ግን ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል አለ፤ ከሥሩ አበባ። እንዳየሁት ተሳለምኩ፣ እሷም አብራኝ አማተበች፤ እኛ ጣታችንን አመሳቅለን የምናደርገውን እሷ በሙሉ መዳፏ አደረገችው፣ አላረምኩም።

ምድጃው ላይ ጠፍጣፋ የበቆሎ ቂጣ እየጋገረች ነበር። «አመሰግናለሁ፣ ግን ዓርብ ነው፣ አልበላም» ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «ዓርብ፣ አይብ የለም፣ ሥጋ የለም። ባቄላ ብቻ። ሙሉ አስተምራኛለች» አለች። ለእኔ ብላ ለብቻው በዘይት የጋገረችው ነው። እኛ አገር ጎረቤቱን ጾም የሚያስገድፍ ስንት ሰው አለ! በላሁ። እንደኛው አሹቅ አፍ የሚሞላ፣ ልብ የሚያደርስ ነገር ነው።

ከረጢቱን ሰጠኋት። «በሶ ነው» አልኳት።

ዓይኗን አፈጠጠች። «ቤሶ?» ከዚያ ከንፈሯን አሹላ አየሩን ሳመች። በእነሱ ቋንቋ ቤሶ ማለት መሳም ነው! አየር ማረፊያው ትዝ አለኝ፤ ለዚያ ለፈታሽ አንድ ከረጢት ሙሉ መሳም አምጥቻለሁ፣ ላንተም ከፈለግክ እሰጥሃለሁ ብዬው ነው ለካ ያለፍኩት። ስነግራት ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ ነው ወሬውን መናገር የከበደኝ።

ባለኝ እንግሊዝኛ ነገርኳት። ሕጉን፣ የልጅነት ቃላችንን፣ ሙሉ መናገር እንዳቃታት። ዶሎሬስ እጇን ሽርጧ ላይ ጠራረገች። ተነስታ ከመሳቢያ ውስጥ ነጭ የሕፃን ቀሚስ አወጣች፤ በኪሮሽ የተሠራ፣ በእጇ። እንዲህ የረቀቀ ሥራ ደብረ ብርሃን ቢሆን ሰው ሊያይ ይሰለፍ ነበር። ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው።

«ሕጉን አውቃለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የእኛም ሕግ አለው። ግን እኔ ምንድን ነኝ? ልጅቷ ስታድግ ሙሉ ማን ናት ትላታለች? የታች ፎቅ ሴትዮ?»

እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆች ፊት ቆሜ «አበልጅ ማለት በክርስትና ብቻ የሚገኝ ዝምድና ነው፣ ለጓደኛ አይባልም» ብዬ አስተምሬያለሁ። ለተሳሳተ ነጥብ ቀንሻለሁ። አሁን ግን ያቺ ሴት የቀሚሱን ጠርዝ ስትዳብስ አየሁ። ቀሚሱን ከጉልበቷ አነሳሁት። «ከውኃ ስትወጣ የምታለብሳት የክርስትና እናቷ ናት» አልኳት። «እኔ ነኝ ማለት ነው። ይህን አለብሳታለሁ።»

የእኔ ጥበብ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው፤ ግን ቃሌ ወጥቷል። ዶሎሬስ አቀፈችኝ። ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች። ከዚያ ቃሉን ጻፊልኝ አለችኝ፤ በፈረንጅ ፊደል በእጅ መጥረጊያ ወረቀት ላይ «አበልጄ» ብዬ ጻፍኩላት። አንስታ አነበበችው። «አቤሊሄ!» የእነሱ ፊደል ጅን ሀ ያደርገዋል ለካ። ጀ ነው፣ ጀ፣ ብዬ አስር ጊዜ አረምኳት፤ አስር ጊዜ አቤሊሄ አለች። እንዲህ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም።

ቅዳሜ ቤቱ የሠርግ ቤት መሰለ። የሙሉ ጓደኞች ከታኮማ ፓርክ በአውቶቡስ ድስት ተሸክመው መጡ፣ ተስፋዬ በግ አርዶ እንደሚገባ ሰው ሲንጎራደድ ቆይቶ ሥጋውን ከሱቅ በካርቶን ይዞ ገባ። ዶሎሬስ ሽንኩርት ልትከትፍ መጥታ ከሁላችንም ቀድማ ጨረሰች። ለሙሉ የተነጋገርነውን ነገርኳት፤ ዶሎሬስ አጠገብ ሄዳ ቢላዋ አንስታ አብራት መክተፍ ጀመረች። ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ ሽንኩርት ነው የሚል አልነበረም።

እሑድ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ሕንፃው ቀድሞ የሌሎች ጸሎት ቤት የነበረ፣ ከውጭ ሲያዩት ትምህርት ቤት የሚመስል ነው፤ ሲገቡ ግን መጋረጃው፣ ሥዕሉ፣ የካህናቱ ዜማ የእኛው ነው። በሰው አገር እንዲህ አድርገው ማቆማቸውን ሳይ እንደገና ኮራሁ። ሙሉ ከወለደች ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን የገባችው ያን ቀን ነው። ዶሎሬስ «እኔ ከውጭ ልጠብቅ» አለች። ግቢ አልናት፣ እምቢ አለች፤ የሰው ቤት ሥርዓት ላጥፋ አልልም አለች።

ልጅቷን በጥበቧ አቅፌ ቆምኩ። ስለ እሷ ሰይጣንን ካድኩ፣ ስለ እሷ አመንኩ። ውኃው ውስጥ ስትገባ ያን የሚያህል ሕንፃ በጩኸት ሞላችው፤ አባ «ጎበዝ፣ ደብረ ብርሃን ድረስ ይሰማል» አሉ። ማተቧ ታሰረላት፣ እኔም ነጩን የኪሮሽ ቀሚስ አለበስኳት። ልክክ አለላት። ሙሉ አጠገቤ ቆማ ቀሚሱን አየች፣ እኔን አየች፣ እጄን ያዘች። «አበልጄ» አለችኝ። ስንት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። ደስታዬን በምን ልገልጸው እችላለሁ፤ የክርስትና እናት ሆንኩ፣ የሙሉነሽ አበልጅ ሆንኩ።

ቅዳሴው ተፈጽሞ ስንወጣ ግቢው በነጠላ ነጭ ሆኖ ሞልቷል። ሰው ይሳሳማል፣ መኪና ይወጣል ይገባል። ዶሎሬስ ከግቢው ጥግ፣ ከዛፍ ሥር፣ ጸጉሯን በሻርፕ ሸፍና ቆማለች። ወደ እኛ አልመጣችም፤ በእግር ጣቷ እየተንጠራራች የልጅቷን ቀሚስ ለማየት ትሞክራለች። በመካከላችን ያ ሁሉ ሕዝብ አለ። መጥራት ነበረብኝ። ዶሎሬስ ብዬ መጥራት እችል ነበር፤ ስሟ አልጠፋኝም።

«ኮማሬ!» አልኩ፣ ከክፍል ኋላ ወንበር ድረስ በሚሰማው ድምፄ።

ነጠላ የለበሰው ሁሉ ዞረ። አንዲት አዛውንት እናት መቋሚያቸውን ተደግፈው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ምን አልሽ ልጄ? በእግዚአብሔር ደጅ? ማንን ነው ኮማሪ የምትዪው?»

«አበልጄን ነው የጠራሁት፣ እማማ» አልኳቸው። «በእነሱ ቋንቋ እንዲያ ነው የሚባለው። ያቻትልዎት።»

ዶሎሬስን አዩአት። «ይቺ ፈረንጂቱ? ማንን አንስታልሽ?»

«ይህችኑ ነው፣ እማማ። አብረን ነው ያነሳናት። እኔ ከውኃ፣ እሷ ከምጥ።»

አዛውንቷ መቋሚያቸውን ወደ ጎን አድርገው ለዶሎሬስ መንገድ ለቀቁላት፤ እሳቸው ሲለቁ ሌላውም ለቀቀ። በነጠላው መሀል እየሮጠች መጣች። ልጅቷን ከነማተቧ፣ ከነቀሚሷ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። «እንኳን ማርያም ማረቻችሁ» አሉ አዛውንቷ፤ ለእሷም ለሙሉም፣ ለሁለቱም አሉት።

ዶሎሬስ የልጅቷን ግንባር ሳመች። ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ሙሉም፣ ተስፋዬም፣ አዛውንቷም፣ ግቢው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብላ ጠራችኝ።

«አቤሊሄ!»

ሙሉ ወደ እኔ ዞረች፤ አሁን ታርማታለች ብላ ትጠብቃለች።

«አቤት» አልኳት።